በጀሪካን የሚሸጠውን «ባዮዲዝል» መኪናችሁ ውስጥ አትጨምሩ

የናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ኤንፒአር፣ ሚኒባስና ፒክአፕ የምትነዱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። የማደያ ሰልፍ የመረረውን ሹፌር እየፈለጉ «ከዕፅዋት ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል ነው፣ ከናፍጣ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለህ ንዳ፣ ከማደያው ይረክሳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የጎረቤቴ ኤንፒአር በዚህ ነገር ጋራዥ ቆሟል። ከጀሪካኑ የተረፈውን አይቼዋለሁ። የተጣራ የመጥበሻ ዘይት ነው፤ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ዘይት ባዮዲዝል የሚሆነው ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ሲወጣለት፣ ከዚያም ታጥቦ ውሃው ሲለቀው ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ውፍረቱን ለመቀነስ ነው። ተራ የምግብ ዘይት ከናፍጣ 10 እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ በወጉ የተሠራ ባዮዲዝል ግን ለናፍጣ ይቀርባል። ወፍራሙን ዘይት ኖዝሉ አድቅቆ መርጨት አይችልም። ጠብታው በደንብ ሳይነድ ይቀርና ኖዝሉ ጫፍ ላይ ይጋገራል፣ የፒስተን ፋሻ ያጣብቃል፣ አልፎም ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያረጋዋል።

ክፋቱ መጀመሪያ ላይ አለመታወቁ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል፤ ሻጩ በድፍረት «ነድተህ እየው» የሚለውም ለዚህ ነው። የጎረቤቴ መኪና መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለ፤ ቀጥሎ ዳገት ላይ አቅም አጣ፤ ፊልትሮ ሲቀየርለት ወዲያው ተዘጋ። በመጨረሻ ፖምፓውም ኖዝሎቹም ወረዱ። ከናፍጣ ያተረፈው ገንዘብ ለአንድ ኖዝል እንኳ አልበቃም። የልጆቹን እንጀራ የሚያመጣው በዚያች መኪና ብቻ ነው፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

«መንግሥትም ይቀላቅላል» ሲሏችሁ አትታለሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. መቀላቀል የተጀመረው ኢታኖል የሚባለው አልኮል ነው፣ ያውም ከቤንዚን ጋር። «ዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ታይቷል፤ ግን የዛሬው ኮመን ሬል የሚባለው የናፍጣ መርጫ በጣም ጠባብ ቀዳዳና ከፍተኛ ግፊት ያለው ስለሆነ እንደዚያ ዘመን ሞተር አይታገስም። የጉሎ ዘይት ነው ካሏችሁ ደግሞ ይባስ፤ እሱ ከሌሎቹም ይወፍራል።

እኔ የባዮዲዝል ጠላት አይደለሁም። ኢንዶኔዥያ ከፓልም ዘይት ሠርታ እስከ 40 በመቶ ትቀላቅላለች። የአውሮፓ የናፍጣ ደረጃ ግን እስከ 7 በመቶ፣ የአሜሪካው እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ትክክለኛው ምርት እንኳ የአሮጌ ታንክ ቆሻሻ አጥቦ ፊልትሮ ይዘጋል፣ የተፈጥሮ ጎማ ቱቦ ይበላል፣ ብዙ ወር ሲቀመጥም ይበላሻል። ስለዚህ የመኪናችሁ መመሪያ ስንት በመቶ እንደሚፈቅድ እዩ። የምርመራ ወረቀትና ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው አትግዙ።

ቀድታችሁ ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ፤ ታንኩን አስደፍታችሁ ፊልትሮ ቀይሩ። ነድታችሁም ከሆነ የሞተር ዘይቱን ጭምር ቀይሩ፣ ኖዝሎቹን አስፈትሹ። ከጀሪካኑ ጥቂት በጠርሙስ አስቀሩ፤ ሻጩን ለመክሰስ ማስረጃ ይሆናችኋል።