ስክሪን ላይ ለሚደረደር ዝርዝር፦ አሬይ ወይስ ኦብጀክት?

የዕቃ ዝርዝር፣ የደንበኞች መዝገብ፣ የትእዛዝ ታሪክ። ከሰርቨር የመጣውን ዳታ በጃቫስክሪፕት (በድረ ገጽ የፕሮግራም ቋንቋ) ስንይዝ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ነገሮችን በተራ የሚደረድረው አሬይ፣ ወይም እያንዳንዱን በራሱ መለያ (በቁልፍ) የሚይዘው ኦብጀክት። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለሚታይ ነገር አሬይ። ኦብጀክት የሚያሸንፈው ሌላ ሜዳ ላይ ነው።

ትልቁ ልዩነት ቅደም ተከተል ነው። አሬይ እንደሰጣችሁት ይቀመጣል። ኦብጀክት ግን የራሱ ሕግ አለው። ሙሉ ቁጥር የሆኑ ቁልፎችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ያስቀድማል፤ የቀሩትን በገቡበት ተራ ያስከትላል። ሰርቨሩ ዕቃዎቹን በዋጋ ደርድሮ መለያ ቁጥር 105ን፣ ቀጥሎ 23ን፣ ከዚያ 7ን ላከ እንበል። መለያ ቁጥሩን ቁልፍ አድርጋችሁ ኦብጀክት ውስጥ ስታስገቧቸው 7፣ 23፣ 105 ሆነው ይወጣሉ። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ደንበኛው ብቻ "ከርካሹ ጀምር ብዬው አልነበር እንዴ?" ይላል።

ስልክ ቁጥርን ቁልፍ ለሚያደርጉ ደግሞ ይብሳል። በ09 የሚጀምር ቁልፍ ፊቱ ዜሮ ስላለ እንደ ጽሑፍ ይቆጠራል፤ በገባበት ተራ ይቆያል። ዜሮው ተቆርጦ በ9 የተመዘገበው ግን እንደ ቁጥር ታይቶ ወደ ፊት ይዘላል። አንዱ ሠራተኛ በዜሮ፣ ሌላው ያለ ዜሮ ከመዘገበ ዝርዝሩ ውጥንቅጡ ይወጣል። ስምን ቁልፍ ማድረግማ አይታሰብም። ሁለት አበበ ከበደ ከመጡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይውጠዋል።

በአጠቃቀምም አሬይ ይቀላል። እያንዳንዱን የሚቀይረው ማፕ፣ የሚያጣራው ፊልተርና የሚደረድረው ሶርት አብረውት ይመጣሉ። ሶርት ዋናውን አሬይ ራሱን እንደሚያዛባው ብቻ አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ቱሶርትድ ግን ቅጂ ይሰጣችኋል። ገጽ መሥሪያው ሪአክት ኦብጀክትን እንዳለ አሳይ ብትሉት አሻፈረኝ ብሎ ስህተት ያወጣል። ሌላው ገጽ መሥሪያ ቪው፣ ዝርዝር በሚያሳይበት ቪ-ፎር ይቀበላል፤ የቅደም ተከተሉ ጣጣ ግን እዚያም አይቀርም።

ታዲያ ኦብጀክት መቼ? አንድን ነገር በመለያው ቶሎ ማግኘት ሲያስፈልግ። አሬይ ላይ ፋይንድ ከመጀመሪያው እያንዳንዱን እያየ ይሄዳል። 50 ዕቃ ላይ ማንም አያስተውለውም። ግን 1,000 ትእዛዝ አለ፤ ለእያንዳንዱ ባለቤቱን ከ1,000 ደንበኞች መሃል ትፈልጋላችሁ። እስከ 1,000,000 ማመሳከር ድረስ ሊሄድ ነው። ደንበኞቹ በኦብጀክት ቢያዙ በቁልፉ በቀጥታ ይገኛሉ። ዋጋው በየሰከንዱ የሚቀያየር ገጽ ላይም እንዲሁ።

ሁለቱም የሚያስፈልጓችሁ ከሆነ አብራችሁ ያዟቸው፦ ዕቃዎቹን በኦብጀክት፣ የመለያዎቹን ተራ በአሬይ። የገጽ ዳታ ማስተዳደሪያው የሪዳክስ ቱልኪት ኢንቲቲ አዳፕተርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የገባው ማፕ የሚባለው የዳታ ዓይነትም አለ (ከአሬዩ ማፕ ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም)። ቁልፉ ቁጥር ቢሆንም የገባበትን ተራ ይጠብቃል። ወደ ጄሰን (ዳታ ወደሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ስትቀይሩት ግን ባዶ ኦብጀክት ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ከመላካችሁ በፊት ወደ አሬይ መልሱት።

ሰርቨራችሁ በፒኤችፒ (በሰርቨር በኩል በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ከተሠራ ደግሞ ምርጫው ሳታውቁት ሊቀየርባችሁ ይችላል። አሬይ ፊልተር የሚባለው የፒኤችፒ ማጣሪያ የተወሰኑ ዕቃዎችን ሲያወጣ የቀሩትን የተራ ቁጥር አያስተካክልም። መሃል ላይ ክፍተት ከተፈጠረ ወደ ጄሰን የሚቀይረው ጄሰን ኢንኮድ ያንን አሬይ ኦብጀክት አድርጎ ይልከዋል። ያኔ ገጹ ላይ "ማፕ ፈንክሽን አይደለም" የሚል ስህተት ይመጣል። የሚገርመው ምንም ዕቃ ያልወጣ ቀን፣ ወይም የወጣው ከመጨረሻ ብቻ የሆነ ቀን፣ ሁሉም በሰላም ይሠራል። ከመላካችሁ በፊት በአሬይ ቫልዩስ አሳልፉት፤ ቁጥሩ ከዜሮ እንደገና ይጀምራል።