ባለ አራት ትራኩ የካሴት መቅረጫዬ፦ ጎንደር ላይ ስምንት ወር

ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ገባ። ፊቱ ላይ የነበረው የሞዴል ስም በጣት ብዛት ተፍቋል፤ ዘሩ ግን ይታወቃል። የጃፓኑ ኩባንያ ቲያክ በ1979 እ.ኤ.አ. ፖርታስቱዲዮ 144ን ካወጣ ወዲህ የተለመደው ዓይነት ነው፦ ሚክሰሩ (ድምፅ መቀላቀያው) እና መቅረጫው አንድ ሳጥን፣ ክሩም ተራ ካሴት። ተራ ካሴት ላይ ሁለት ትራክ (ክሩ ላይ ለብቻው የሚቀዳ የድምፅ መስመር) ለአንዱ ገጽ፣ ሁለት ለሌላው ነው፤ ይሄኛው ግን አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይይዛቸዋል። በዚያ ላይ በእጥፍ ፍጥነት፣ በሰከንድ 9.5 ሴንቲ ሜትር ስለሚሮጥ ባለ 60 ደቂቃው ካሴት የሚሰጠኝ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ሳላሰላ አንድ አዝማሪ ቤቴ ጠራሁ። ሰውየው ገና ሲሞቁ ክሩ አለቀ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ በተለመደው የቀረጻ ደንብ ልሂድ፣ አንድ በአንድ ልቅዳ አልሁ፦ ከበሮ ዛሬ፣ መሲንቆ ነገ፣ ድምፅ ከነገ ወዲያ። ጋሼ ደጋኑን እጣን አስነክተው ሁለት ሦስቴ ሳቡና ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ መሲንቆው እኮ ከአፌ ነው የሚቀበል። ዝም ካልሁ ምኑን ይቀበላል?»

እውነታቸውን ነው። ስንኙ ሲረዝም ደጋኑ ይጠብቃል፤ ግጥም ሰጪ ከጎን ጣል ሲያደርግ ጣታቸው ከምላሳቸው ቀድሞ ይሰማል። ይህን ለሁለት ቀን ከፍሎ መቅዳት አይቻልም። አንዱን ማይክ ለአፍ፣ አንዱን ለመሲንቆ ሰጥቼ በአንድ ትንፋሽ ቀዳኋቸው። መሲንቆውን ማይክ መጀመሪያ ቆዳው ሥር ደቅኜው ነበር፤ የተሰማው የፀጉር ፍትጊያ ብቻ። አንድ ክንድ ባርቀው እንጨቱም ቆዳውም መጣ። ጉዳቱ ሁለቱ ማይኮች አንዱ የሌላውን መስማታቸው ነው፦ ድምፃቸውን ከፍ ሳደርግ መሲንቆውም አብሮ ይነሣል። ለምጄዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላውን መደረብ ቀላል ነው። ከበሮውን ትራክ 1 ላይ፣ ድምፁን ትራክ 4 ላይ አድርጉ፤ ጎረቤት ትራኮች ይተላለፋሉና። የክሩን ሽሽታ፣ ያን «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ፣ የሚያፍነው ክፍል ለመሲንቆ ግሩም ነው። ከበሮ ለብቻው ሲሰማ ግን ከእያንዳንዱ ምት ጀርባ ሽሽታው እፍ ሲል ይሰማል። ሌላው ሲገባ ይሸፈናል።

በጣም የወደድኋት ፍጥነት ማስተካከያዋን ነው። ጋሼ የሚቃኙት በዚያ ቀን ጉሮሯቸው ልክ ነው። መሲንቆ ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ዋሽንት ግን ሸምበቆ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ? ዋሽንት ነፊው ሲመጣ ክሩን ትንሽ አፍጥኜ ቃናውን በማቅጠን ወደ እሱ አመጣሁት፤ ነፍቶ ሲጨርስ ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስሁ። ከልክ ካለፈ ዘፋኙ ሕፃን ይመስላል፤ በጥቂቱ ነው።

አሁን ወደ ምሬቱ። በሦስተኛው ወር ቺንጋው ላላና ዜማው ሁሉ እንደ ሰካራም ይወላገድ ጀመር። ዕድሜ ነው፤ ጎማ ይሞታል። ፒያሳ ያለ ቴፕ ጠጋኝ ከሌላ ሬሳ አውጥቶ ቀየረልኝ። ቀረጻው ላይ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሞተሩ እየደከመ የያዛት መጨረሻ በኋላ ስትሰማ ወደ ላይ እየቀጠነች ታልቃለች፤ ከሚያምሩት ቅጂዎቼ ሁለቱ እንደዚያ ናቸው። ክሩ የሚነካውን የመቅረጫውን ራስ (ሄድ) በአልኮልና በጥጥ በየሁለት ሦስት ካሴቱ እጠርገዋለሁ፤ ቡናማው እድፍ ሲወጣ ማየት ያረካል። ሦስቱን ትራክ አራተኛው ላይ ጨምቆ ቦታ ማስለቀቅም ይቻላል፤ እኔ ግን እምብዛም አልነካውም። ሽሽታው ይደራረባል፣ አንዴ የተደባለቀም አይለይም።

ሳትገዙ በፊት አንድ ነገር ዕወቁ፦ ይህ ካሴት ተራ ቴፕ ላይ በትክክል አይሰማም፤ መጀመሪያ ወደ ሁለት ትራክ ቀላቅሎ ሌላ ካሴት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳልነግራቸው ጋሼ ዋናውን ካሴት ይዘውት ሄዱ። ቤታቸው ያለው ቴፕ ያሰማቸው በግማሽ ፍጥነት የሚጎተት ከበሮና ዋሽንት ብቻ ነው። «እኔሳ የታለሁ?» ብለው ደወሉ። ካሴቱን ቢገለብጡት ተገኙ፤ ወደ ኋላ እየዘፈኑ።