ኡራል፣ ዋዝ፣ ጀነሬተር ወይስ የአውሮፕላን ቀፎ? ከጦር ዕቃ ጨረታ ምን ይገዛል?

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ፣ ጦሩ ተጠቅሞበት በጨረታ የሚሸጠውም ጭምር፣ ዓይን ውስጥ ገብቷል። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ደግሞ ዳገቱም ጭቃውም ስለማይጠፋን «የጦር ዕቃ ጠንካራ ነው» ስንባል ቶሎ እንማረካለን። ጠንካራ ነው፣ ልክ ነው። ግን የተሠራው የነዳጅ ሒሳብ ከኪሱ ለማይከፍል ሾፌር ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። የጦር ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቆሞ ነው እንጂ ሠርቶ አይደለም። ደላላው «ኪሎ ሜትሩ ገና ነው» ብሎ ሲምልላችሁ አትደነቁ። ጎማውን እዩ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። የዘይት መለኪያውን ምዘዙ፤ ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውሃ ገብቶበታል። ፍሬን ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሁሉ ደርቋል ብላችሁ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

አሁን ወደ ከባዱ መኪና። ኡራል የሚባለው የሶቪየት ጦር የጭነት መኪና ሁለት ዓይነት ነው። 375 የሚባለው ቤንዚን ነው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 7 ሊትር ሞተር፣ 180 የፈረስ ጉልበት። 4320 ናፍታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተሠራ፣ መጀመሪያ የካማዝ ሞተር የገባበት፣ 210 የፈረስ ጉልበት ያለው። የናፍታው አፍንጫ ወደፊት ስለሚረዝም ከሩቅ ይለያል። ሁለቱም 5 ቶን ገደማ ይጭናሉ። ልዩነቱ ያለው ማደያው ላይ ነው። 375 ሜዳ ላይ እንኳን በ100 ኪሎ ሜትር 48 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ያውም ፋብሪካው ባወጣው ቁጥር። ማሾ ጭናችሁ ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስትወጡ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ከፍታውም አለ። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ ወረቀት ላይ 180 የተባለው ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ 130 ገደማ ነው፣ ጣርማበር ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለለት ጥቁር ጭስ እያፈሰሰ ቤንዚኑን በከንቱ ይጨርሳል።

ሌላው የጦር ጭነት መኪና፣ ዚል 131ስ? 150 የፈረስ ጉልበት፣ ይሄም ቤንዚን። ከአስፋልት ውጭ የሚጭነው 3.5 ቶን ነው። ነዳጅ አጠጣጡ ግን ከኡራል ብዙም አያንስም። ለምን እንደሚገዛ አይገባኝም፣ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ካልወጣ በስተቀር። ጋዝ 66 የሚባለው መኪና ደግሞ 2 ቶን ይጭናል፣ ጎማው ባለ 18 ኢንች ነው። ያንን ጎማ ስትፈልጉ ስለምትከርሙ ይለፋችሁ።

ኡራልና ዚል አንድ የሚያስቀና ነገር አላቸው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ የጎማውን ንፋስ መቀነስና መጨመር ይችላል። ሐምሌ ላይ ወደ መሐል ሜዳ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ይሄ ወርቅ ነው። ስትመርጡ ግን ሞተሩን አስነሱ፣ ጎማዎቹን አስሞሉ፣ አጥፉና ጆሮአችሁን ወደ ጎማው መሐል አስጠጉ። ሽሽሽ የሚል ከሰማችሁ ጎሚኒው አልቋል፤ እሱን ማስቀየር ደግሞ ስድስት ጎማ መፍታት ነው። ባጭሩ ከከባዱ የምመክረው 4320ን ብቻ ነው፣ እሱንም ዓመቱን ሙሉ የሚጫን ነገር ላለው ሰው። አንዳንዱ 375 ሞተሩ ወደ ናፍታ ተቀይሮ ይገኛል። እሱ ከሆነ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

ዋዝ 469 የሚባለው ትንሽ የጦር ጂፕ ሌላ ጨዋታ ነው። 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቤንዚን የማይጠላ፣ ባትሪው በኅዳር ውርጭ ሲሞት በማኒቬላ (በእጅ በሚዞር ብረት) የሚነሳ። እዚህም ሁለት ዓይነት አለ። የጦሩ ዋዝ ጎማው ጋ ተጨማሪ ጥርስ (ማርሽ) ስላለው ሆዱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የሲቪሉ 22 ነው። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ የጦሩ ዲፍረንሻል አነስ ብሎ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ የጦሩን ይሻማል። እኔ ግን የሲቪሉን እመርጣለሁ፤ ጩኸቱ ያነሰ ነው፣ መለዋወጫውም የቀለለ ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ለሚመላለስ ሰው 22 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ጀነሬተር ከሁሉም የሚያዋጣ ይመስለኛል። ሊብሬ የለው፣ ቦሎ የለው። ግን ወጥመድ አለው። ቮልቱና ኸርዙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ሳታነቡ እጃችሁን እንዳታነሱ! አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ኃይል የሚሰጡት ጀነሬተሮች 115/200 ቮልት፣ 400 ኸርዝ ናቸው። ሞተሩ ምንም ያህል ቢያምር የወፍጮ ሞተር አያዞርላችሁም። 60 ኸርዝ ብቻ የሚሰጥም ወፍጮውን ከልኩ በላይ ያሮጠዋል። የምትፈልጉት 50 ኸርዝ፣ 220/380 ቮልት የሚል ነው። ከፍታው እዚህም ጉልበት ስለሚቀንስባችሁ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ደረጃ ተለቅ ያለውን ያዙ። ባለ ተሳቢ የውሃ ቦቴም ጥሩ ነው፣ ነዳጅ ተጭኖበት የማያውቅ ከሆነ። ነዳጅ የያዘ ታንከር ምን ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም።

አውሮፕላኑስ? እንዲህ ያለ ጨረታ የደራው ውጭ አገር ነው። አሜሪካ ኤል 39 የሚባለውን የቼክ ማሰልጠኛ ጄት ገዝቶ የሚያበር ግለሰብ አለ። ለነገሩ የራሳችን አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ 47 አውሮፕላኖች ነው። እኛ ጋ ግን ጥያቄው መብረር አይደለም፤ ገደል አፋፍ ላይ ካፌ ማድረግ ነው። ለዚህ ሚግ 21 የጦር ጄት አይሆንም፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ጠባብ ነገር ነው፣ ለፎቶ ካልሆነ። አንቶኖቭ 2 የሚባለው ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ደስ ይላል፣ ግን ክንፉ የተሸፈነው በጨርቅ ስለሆነ የኛን በረዶ አይችልም። ሚ 8 ሄሊኮፕተር 24 ወታደር የሚይዝ ሆድ አለው፤ ቀፎው ከተገኘ ጠረጴዛ የሚዘረጋበት እሱ ነው። ርዝመቱ 18 ሜትር ስለሆነ የማጓጓዣውን ዋጋ ከጨረታው በፊት ጠይቁ። በነፋስ እንዳይነቀነቅም በኮንክሪት እሰሩት። የጦር ጄት ከሆነ የፓይለቱ ወንበር በአደጋ ጊዜ ወደ ውጭ የሚያስፈነጥረው ፈንጂ እንዳለው አትርሱ፤ ፈንጂው መነሳቱን በወረቀት ተቀበሉ። በጨለማ የሚያበሩ የድሮ ቆጣሪዎችን መስታወትም አትክፈቱ፣ ቀለሙ ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ራዲየም ሊሆን ይችላል።

የጨረታ ሰነዱ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜም አለ፣ ከገዛችሁ በኋላ ቅሬታ የለም። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሱ የምትከፍሉት አበል አይቆጫችሁም። ቀረጥ ያልተከፈለበት ከሆነ ማን እንደሚከፍል ሰነዱ ውስጥ ፈልጉ፣ አንዳንዴ ከመኪናው ዋጋ የሚወዳደረው እሱ ነው። የቻንሲ ቁጥሩን በራሳችሁ ስልክ ፎቶ አንሱ። ንብረቱ የሚነሳበት ቀን ገደብም አለው፤ ካለፈ ለማስከበሪያ ያስያዛችሁት ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ሊወረስ ይችላል፣ ስለዚህ ክሬኑንና ሎቤዱን (ከባድ ዕቃ የሚጭነውን ዝቅተኛ ተሳቢ) የጨረታውን ፖስታ ከማሸጋችሁ በፊት ተነጋገሩ።