ኢንዳክሽን ምድጃው አሪፍ ነው፤ ከሰል አክሳዩስ?

ባሕር ዳር ሆናችሁ ኢንዳክሽን ምድጃ ልግዛ አልግዛ ለምትሉ፣ ግዙት። የእኔ ባለ 2000 ዋት ነው። ከሰል አራግባችሁ ፍም እስኪሆን በምትጠብቁበት ጊዜ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ሽሮው ይንተከተካል። ጭስ የለም፣ አመድ የለም፣ የድስት ቂጥ አይጠቁርም። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው እንደሚገድል እያወቅን ለኖርን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ድስታችሁን ቀድማችሁ ፈትሹ። ተራ የአሉሚኒየም ድስት አይሠራበትም። ቂጡ ላይ ማግኔት አስጠጉ፤ ካልያዘ ምድጃው ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጠፋል። የገዛሁበት ሱቅ ይህን አልነገረኝም፣ መንገር ነበረበት። የሸክላ ጀበናም አይሆንም። ስለዚህ ለቡናውና ለእጣኑ ከሰል ከቤት አልወጣም፤ መብራት ሲጠፋም መመለሻችን እሱው ነው።

መብራቱ የሚመነጭበት ውሃ የራሳችን ነው። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከጣና ሐይቅ በዋሻ በሚወርድ ውሃ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ተመረቀ። ታሪፉ ግን ከመስከረም 2017 ወዲህ በየጊዜው እየጨመረ ነው፣ ካርድ የሚሞላ ሰው ያውቀዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሰሉ የሚመጣበት ሰው ነው። ከዳንግላ አልፋችሁ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ መንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። እዚያ ያለው ገበሬ የተፈጥሮ ደን የሚጨፈጭፍ አይደለም። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲለው ዛፍ ተከለ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጣል፣ ያከስላል፣ ከዚያ በዚያው መሬት እህል ዘርቶ መልሶ ችግኝ ይተክላል። የልጅ ደብተርም፣ ማዳበሪያም፣ የቤት ቆርቆሮም የሚገዛው ከዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶ ዛፉን ጎድቶበታል።

መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ዜጋ መብራት ለማድረስ አቅዶ ነበር፦ 65 በመቶ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶ በሶላርና በመሳሰሉት። ጥሩ እቅድ ነው። ነገር ግን ከሰል ይቅር ሲባል የአክሳዩ ገቢ በምን ይተካል? እኔ ብጠየቅ፣ ዛፉ ለአጣናና ለቺፕውድ የሚሸጥበት ገበያ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ የታመመውን ዛፍ የሚተካ ችግኝም ይሰጠው እላለሁ። መስመሩም እሱ ቤት ይድረስ፤ ለእኛ ወጥ ቤት ከሰል ሲልክ ኖሮ እሱ በኩራዝ ማምሸት የለበትም።