የጠቋሚ ጣቴ ቱቦ ተሰነጠቀ፤ የሮቦት ጓንቱ ከሰባት ወር በኋላ

መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ቱቦ ልንገራችሁ፤ ሌላው ይደርሳል።

ጓንቱ ስትሮክ ለመታው ቀኝ እጄ የገዛሁት ነው፤ በጀርባው በኩል ለአምስቱ ጣቶች አምስት የተሸበሸቡ የላስቲክ ቱቦዎች አሉት። አንዲት ትንሽ ፓምፕ አየር ስትነፋባቸው ቱቦዎቹ ይረዝሙና ጣቶቹን ያስጨብጣሉ፤ አየሩን መልሳ ስትስብ ያጥሩና ጣቶቹን ይፈታሉ። ሥራው ይኼው ነው። ጥር ላይ ገዛሁት። መጋቢት ሳያልቅ የጠቋሚ ጣቱ ቱቦ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲያ ፓምፗ በነፋች ቁጥር አየሩ በስንጥቁ ያፏጫል፣ አራቱ ጣቶቼ እንደ ምንም ይጨበጣሉ፣ ጠቋሚዬ ብቻ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው እየጠቆመ ተገትሮ ይቀራል። ባለቤቴ "ደሞ ዛሬ ማንን ልትከስ ነው?" እያለች ትስቅብኛለች።

የምከሰውማ ይታወቃል። 18 ሺህ ብር ተቀብሎ "የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ጋሼ፣ አያስቡ" ያለኝን ነጋዴ ነው። ደወልኩለት። "ዋስትናው ለፓምፑ ነው እንጂ ለቱቦው አይደለም" አለኝ። እኔ 31 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። አንድም ቀን ለደንበኛ "ዋስትናው ለኪሱ ነው እንጂ ለስፌቱ አይደለም" ብዬ አላውቅም። ብል ኖሮ ሱሪውን ፊቴ ላይ ይወረውሩልኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ስከራከረው ሰነበትኩ። ጥሩ ጥሩው መልስ የሚመጣልኝ ደግሞ ሌሊት ነው።

ለማያውቀኝ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ጥቅምት 2017 አንድ ማለዳ የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ሳለ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አፌም ወደ ጎን ሄደ። የደም ግፊት ኪኒኔን "ደህና ነኝ እኮ" ብዬ ካቆምኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ኪኒን የታዘዘላችሁ ግን ዋጡ። ንግግሬ በሁለት ሳምንት ተመለሰ፣ እግሬ በሁለት ወር። ቀኝ እጄ ግን እንደተጨበጠ ቀረ። ልብስ ሰፊ ያለ ቀኝ እጁ ምን እንደሚሠራ እናንተው አስቡት።

ጓንቱን ያገኘችው አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት። ቪዲዮ ላከችልኝ፤ አንድ ሽማግሌ ጓንቱን አጥልቆ የሻይ ብርጭቆ ያነሳል፣ ከኋላው ሙዚቃ አለ፣ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። "አባዬ፣ ይኼ ነገር ያድንሃል" አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። የተጨበጠ እጅ ያለው ሰው የተከፈተ እጅ ሲያሳዩት ዋጋ አይጠይቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፍቅር በፍቅር ነበርን። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት አጠልቀዋለሁ። ቡናው እየተፈላ፣ ዜናው እየተነበበ፣ እጄ ይከፈታል ይዘጋል፣ ይከፈታል ይዘጋል። ጎረቤት ገብቶ ያየውና "ወይ ጉድ፣ ዳነ እኮ!" ይላል። እኔም አምኜ ነበር። ጓንቱ ሲወልቅ ግን እጄ ያው እጄ ነው።

ይህን ለፊዚዮቴራፒስቷ፣ እጄን በእንቅስቃሴ ለምታክመኝ ባለሙያ፣ ነገርኳት። የልጄ እኩያ ናት፣ ነገር አታለባብስም። ጓንቱን አገላብጣ አየችውና "ይኼ ሲሠራ እርስዎ ምን ያደርጋሉ ጋሼ?" አለችኝ።

"ቴሌቪዥን አያለሁ።"

"እንግዲያው ስፖርቱን የሚሠራው ፓምፑ ነዋ።"

ተቀየምኳት። 18 ሺህ ብር የከፈለ ሰው እንዲህ ሲባል ደስ አይለውም።

ቱቦው የተሰነጠቀው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፤ ሁለት ቀን ቆየ። ቀጥዬ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎሚስታ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ልጁ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጎማ አይቶ አያውቅም። በማስቲሽ የላስቲክ ቁራጭ ለጠፈበት፣ እንደ ብስክሌት ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደማያወጣ አሳየኝ፣ ገንዘብም አልቀበልም አለ። (የዋስትና ነገር ከተነሳ፣ ዋስትና የሰጠኝ እሱ ነው።) ቱቦው ግን ሲረዝም ሲያጥር ልጣፉን በሦስተኛው ቀን ተፋው።

ተስፋ ቆርጬ ጓንቱን ይዤ ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ በማዘን ፈንታ ፊቷ በራ። "ተዉት፣ አያስጠግኑት። የጠቋሚውን ቱቦ ጨርሰው ይንቀሉት። ፓምፑ ሌሎቹን ሲያስጨብጥ ጠቋሚዎን ራስዎ አብረው ይጨብጡ። የጤፍ ፍሬ ያህል ቢንቀሳቀስም ይበቃል" አለችኝ። ነቀልኩት። የፓምፗን ቀዳዳ አየር እንዳያመልጥ በቡሽ ደፈንኩት። ያን ቀን ማታ ቴሌቪዥን ማየት አልቻልኩም፤ አንዲት ጣት ለማጠፍ ግንባሬ እስኪያልበው እታገል ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስቴ ብትንቀሳቀስ ነው። ከሁለት ወር የጓንት ሥራ ይልቅ ያች ሁለት ሦስት ጊዜ አደከመችኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የዝንጀሮዎቹን ነገር ነገረችኝ። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከአንድ ክንዳቸው ስሜት የሚያመጣው ነርቭ የተቆረጠ ዝንጀሮዎችን አጥንቶ ነበር። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደህና ነው፤ እንስሳው ግን ክንዱን ይተወዋል። መጀመሪያ ሲሞክር ይወድቅበታል፣ በደህናው እጁ ይሳካለታል፣ እንዲህ እያለ አለመጠቀምን ይለምዳል። ደህናውን ክንድ ሲያስሩበት የተተወው ክንድ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ተነስተው ነው ለስትሮክ ታካሚ ደህናውን እጅ መሸፈን የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ሙከራ 222 ሰዎች ነበሩበት፤ ሁሉም ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው፣ አንጓቸውንና ጣታቸውን ትንሽ እንኳ መዘርጋት የሚችሉ። ለሁለት ሳምንት ከእንቅልፍ ውጪ ካለው ጊዜያቸው 90 በመቶውን ደህናውን እጅ ሸፍነው በደካማው ሲሠለጥኑ የቆዩት፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ እጃቸው ተሻለ፤ ልዩነቱም ከዓመት በኋላ እንኳ እንዳለ ነበር።

ከ3 እስከ 9 ወር! እኔ ጥር ላይ ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ልክ እጄ መታገል በነበረበት ሰዓት ነጋዴው ለእጄ መተኛ አልጋ ሸጠልኝ።

"ሮቦት እኮ ነው ጋሼ፣ ሳይንስ ነው" ይለኛል ሌሊት በሐሳቤ መጥቶ። እሺ፣ ሳይንስ እናውራ። ብሪታንያ ውስጥ 770 የስትሮክ ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በሮቦት የሠለጠኑት ሰዎች የእጅ አገልግሎት የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ያውም የዚያ ጥናት ሮቦት የእኔን ዓይነት የአየር ከረጢት አይደለም፤ ሰውየው ሲሞክር አይቶ በጎደለው የሚያግዝ ትልቅ ማሽን ነው። የእኔው መሞከሬን እንኳ አያውቅም። እንቅልፍ ቢወስደኝም ያስጨብጠኛል፤ ወስዶኝም ያውቃል።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ አለ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የስትሮክ ታካሚዎች ቀጠሮ ላይ ቁጭ ብለው ቆጥረው ነበር፤ በእጅ ሥራ ቀጠሮ ላይ አንድ ታካሚ የሚደጋግመው ትርጉም ያለው እንቅስቃሴ በአማካይ 32 ሆነ። እንስሳት ላይ በተሠሩት ሙከራዎች ግን አንጎል ሲለወጥ የታየው በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት "በመቶዎች ከሆነ ሥራው እኔ ዘንድ አለ" አለችና የደምቢያ ሽምብራ በትሪ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችው። ግራ እጄ ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቃ አንጓዬ ላይ ታስርልኛለች። (ስንራመድ፣ ደረጃ ላይና እሳት አጠገብ አናደርገውም፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነው ያስጠነቀቀችን።) ሥራዬ ሽምብራውን አንድ አንድ እያነሳሁ ስኒ ውስጥ መጣል ነው። የመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ተኩል 19 ሽምብራ ጣልኩ፤ ከመሬት የተለቀመው ከዚያ ይበልጣል። ሰኔ ላይ በቀን 300 ገባሁ። ሽሮ ቤታችን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ዛሬ ከአምስቱ ጣቶቼ ራሱን ችሎ የሚታጠፍና የሚዘረጋው ጠቋሚው ነው፤ ቱቦው የተሰነጠቀበት ማለት ነው። አውራ ጣቴ ይከተለዋል። ጓንቱ ሰባት ወር ሙሉ እሽሩሩ ያላቸው ሦስቱ ጣቶች ገና አብረው እንደ አንድ ነው የሚነሱት። ፊዚዮቴራፒስቷ "አንድ ሰው ጥናት አይሆንም ጋሼ፤ ሽምብራውም ያሠለጠነው እነዚያኑ ሁለቱን ነው" ብላኛለች። ልክ ናት። እኔ ግን ነጋዴውን ሳስብ ይህን ማስተባበያ እረሳዋለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መርፌ ያዝኩ። ክሩን ያስገባችልኝ ባለቤቴ ናት። አራት ቁልፍ ለመትከል ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ድሮ ለአሥር ደቂቃ የማይሆን ሥራ። አንደኛው ትንሽ ወደ ጎን ሄዷል። ሸሚዙ የራሴ ስለሆነ አልነቀልኩትም። ቤተ ክርስቲያንም ለብሼው ሄጃለሁ፤ ማንም አላየም፣ እኔ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ያችን ቁልፍ ስነካ ነበር።

ስለ ጓንቱ የቀረውን በአጭሩ። ባትሪው ደህና ነው፣ መብራት ሲሄድም ሁለት ቀን ያሠራል። በደህናው እጅ ሌላ ጓንት አጥልቀው የታመመው እጅ የደህናውን እንቅስቃሴ እንዲከተል የሚያደርገውን ነገር ሁለቴ ሞክሬ ተውኩት፤ ሽቦው ብዙ ነው። ቬልክሮው በአራተኛው ወር ለቀቀ፣ ቀይሬ ሰፋሁት፤ ማለትም ለባለቤቴ እየጠቆምኩ አሰፋሁት። መጠኑን ስትገዙ በደህናው እጃችሁ አትለኩ፤ ያበጠ እጅ ይሰፋል።

ግፍ እንዳልሠራ አንድ ነገር ልመስክርለት። ጎንደር በነሐሴ ጠዋት ታውቃላችሁ፤ ጉሙ ፋሲል ግቢን ይውጠዋል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እጄ በብርድ እንደ ድንጋይ ተጨብጦ ያድራል፣ ጥፍሬ መዳፌን ይወጋዋል። በሰው ጉልበት ሊከፍቱት ሲሞክሩ ያመኛል፣ ጭራሽ ይብስበታል። ጓንቱ ቀስ እያለ፣ እየሳበ እየለቀቀ፣ በ20 ደቂቃ ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ነው መዳፌ የሚታጠበው፣ ጥፍሬ የሚቆረጠው፣ ሽምብራው የሚጀመረው። ነጋዴው "ጠዋት ጠዋት የደረቀ እጅ ማላላሻ ነው" ብሎ ቢሸጥልኝ ኖሮ ዛሬ እመርቀው ነበር። "ያድንዎታል" ብሎ ነው እንጂ የሸጠልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ከማራኪ ሰፈር መጣ። ወንድሙን ስትሮክ ከመታው ሁለት ወሩ ነው፤ ጓንት እንዳለኝ ሰምቶ በ9 ሺህ ብር ሽጥልኝ አለኝ። ባለቤቴ ከጀርባው ሆና በዓይኗ "ስጠው" ትለኛለች።

"ወንድምህ ጣቱን ትንሽ ማንቀሳቀስ ይችላል?" አልኩት።

"ትንሽ ትንሽ።"

"እንግዲያው ይኼን አትግዛ። ፊዚዮቴራፒ ውሰደው፣ አንድ ኪሎ ሽምብራ ግዛለት።"

"እርስዎስ ታዲያ ለምን ይዘው ይቀመጣሉ?"

"ጠዋት ጠዋት ያስፈልገኛል" አልኩት።

ዋጋ ማስወደዴ መስሎት 11 ሺህ አደረገው።