«ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» የሚል የጎልፍ ሥልጠና ከመግዛታችሁ በፊት

የአሥር ክፍለ ጊዜ የጎልፍ ሥልጠና ገዛሁ፤ ሙሉ ክፍያውንም በአንድ ጊዜ ፈጸምኩ። ያማለለኝ በማስታወቂያው ላይ የነበረው «ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» የሚለው ሐረግ ነው። ስድስቱን ከተማርኩ በኋላ የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

በቀኝ እጄ የምጫወት ነኝ። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፍብኛለች፤ ስላይስ የሚባለው ነው። የቆየ የወገብ ሕመምም አለብኝ፣ ዳሌዬ እንደ ልብ አይዞርም። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ዘርዝሬ ተናገርኩ። አሰልጣኙ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ አንዲት ቃል ግን አልጻፈም። ከዚያ «ግራ ክንድ ቀጥ ይበል፣ ራስ እንዳይነቃነቅ፣ ትከሻ ዘጠና ዲግሪ ይዙር» አለኝ። ዘጠና ዲግሪ! የእኔ ወገብ ያን ያህል ከዞረ ወደ ቦታው የሚመልሰው ሐኪም ነው።

ከጎኔ የሚለማመደው ሰው ችግር የእኔ ተቃራኒ ነበር። የእርሱ ኳስ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች፤ ሁክ ይሉታል። ለሁለታችን የታዘዘው ግን አንድ ነገር ነው፦ ግራ እጃችንን በዱላው እጀታ ላይ ወደ ቀኝ ዞር አድርገን መያዝ። ይህ አያያዝ የዱላው ፊት (ኳሱን የሚነካው ገጽ) ሲመታ እንዲዘጋ፣ ማለትም ወደ ግራ እንዲያይ ያግዛል። እኔን በመጠኑ ረድቶኛል፣ አልክድም። ለእርሱ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነበት። ኳስ በአየር ላይ የምትታጠፈው በዋናነት የዱላው ፊት የሚያይበት አቅጣጫና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ሲለያዩ ነው። እኔ ፊቱ ይከፈትብኛል፣ እርሱ ይዘጋበታል፤ ታዲያ አንድ መድኃኒት እንዴት ለሁለታችን ይታዘዛል?

በሦስተኛው ሳምንት በቪዲዮ ተቀረጽን፤ «የግል ትንተና» የሚል ሪፖርትም በኢሜይል ደረሰኝ። አናቱ ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ተሳስተው ይሆናል ብዬ ከጎኔ ለሚለማመደው ሰው ባሳየው የራሱን አወጣ። ከስሙ በስተቀር ፊደል በፊደል አንድ ነው።

አሰልጣኙን ስጠይቀው «ትክክለኛ አሰነዛዘር አንድ ብቻ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከገንዘቡ ይበልጥ ያናደደኝ ይህ መልስ ነው። አሜሪካዊው የጎልፍ ባለሙያ ጂም ፊዩሪክ ዱላውን አንስቶ ሲያወርድ በአየር ላይ ቀለበት የሚሠራ፣ በየትኛውም መማሪያ ላይ የማይገኝ አሰነዛዘር አለው። ያሠለጠኑት አባቱ ናቸው፤ ያንን ቀለበት ግን አላጠፉበትም። በዚያው አሰነዛዘር የ2003ን የአሜሪካ ኦፕን፣ ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን፣ አሸነፈ፤ በ2016 ደግሞ ፒጂኤ ቱር በሚባለው የአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር አንድ ዙር በ58 ምት ጨረሰ፤ በጎልፍ ምት ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሌላውን ታላቅ ውድድር ማስተርስን በ2012 እና በ2014 የወሰደው ባባ ዋትሰንም በራሱ የተማረ ነው። እኔ እነርሱን አይደለሁም፤ ቢሆንም «አንድ ብቻ» የሚለውን ለመቀበል ይከብደኛል።

ለመክፈል እያሰባችሁ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ግዙ። አሰልጣኙ ስለ ቀድሞ ጉዳታችሁ ይጠይቃል? ዳሌና ትከሻችሁ የት ድረስ እንደሚዞር ይፈትሻል? ከመናገሩ በፊት ጥቂት ኳሶች ስትመቱ ዝም ብሎ ያያል? ከእናንተ ቀጥሎ የሚገባውን ሰው ሲያስተምርም ቆም ብላችሁ አድምጡ። ያው ዓረፍተ ነገር ከተደገመ ቦርሳችሁን ዝጉ። ውሉንም እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ያገኘሁት ገንዘቤን ልጠይቅ በሄድኩበት ቀን ነው።

ቀሪዎቹን አራት ክፍለ ጊዜዎች ትቻቸዋለሁ። ትናንት ከእነርሱ አዲስ መልእክት መጣልኝ፤ «ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ ከፍተኛ ደረጃ ሥልጠና» ይላል። ስሜን አሁንም ተሳስተዋል።