የአባቴን የኖታ ደብተር ለጻፈችልኝ የደሴ ልጅ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ኖታ በኮምፒዩተር የጻፈችልኝ የአንዲት የደሴ ልጅ ምስጋና ስላለብኝ ነው። እግረ መንገዴንም እንደኔ የእጅ ጽሑፍ ኖታ ይዞ የሚንከራተት ካለ እንዲያውቃት ብዬ ነው።

አባቴ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነበር፤ ኖታ የተማረውም እዚያ ነው። ጡረታ ወጥቶ ደሴ ከገባ በኋላ በየሠርጉ የሰማውን የወሎ ዜማ እየጻፈ 46 ገጽ ሞላ። በ2014 ከተማውን ጥለን ስንወጣ እናቴ ደብተሩን ከዘይት ጠርሙስ ጋር በአንድ ፌስታል ከታ ስለወጣች ተረፈ። ግማሹ ገጽ ዘይት ጠጥቷል፤ ከዚያ በፊትም ዝንብ ሲጫወትበት ኖሯል።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስጽፌው ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። ሲያዩት ያምራል። የወንድሜ ልጅ በማሲንቆ ሲሞክረው ግን አንቺሆዬ የተባለው ዜማ አምባሰል ሆኖ ቁጭ አለ! ሁለቱም የዜማ ቅኝቶች ናቸው፤ የሚለዩት በኖታቸው ነው። አንቺሆዬ ከሲ (C) ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ፍላት ማለት ኖታውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት ነው። ጸሐፊው የሽማግሌ ስህተት መስሎት የጂን ፍላት አንስቶ ለኤ ሰጣት። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ደግሞ አምባሰል ነው። ሁለት ኖታ አርሞ አንድ ቅኝት አጠፋብኝ።

ፒያሳ አካባቢ የምትሠራዋን ልጅ የጠቆሙኝ ከዚያ በኋላ ነው። ደብተሩን ስሰጣት ኮምፒዩተሩን አልነካችም። «ጋሼ፣ የሚፈልጉት ለማስቀመጥ ነው ወይስ ለመጫወት?» አለችኝ። ለሁለቱም አልኳት። «እሱማ ይጣላል፤ አብሽሩ፣ እናስታርቀዋለን» ብላ ሳቀች።

እውነትም ይጣላል። አባቴ አምባሰል ሲጽፍ መስመሩ መግቢያ ላይ የሚያስቀምጠው ሁለት ፍላት ብቻ ነው፤ አንዱን ለዲ፣ አንዱን ለኤ። በትምህርት ቤት ሕግ ግን ፍላት የሚደረደረው ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እያለ ስለሆነ፣ ዲ ከገባች አራቱም ይገባሉ። እሷ የምትሠራበት ሙዝስኮር የሚባለው ነጻ ፕሮግራምም በራሱ የሚያመጣው አራቱን ነው። አምባሰል ውስጥ ግን ቢም ኢም የሉም፤ ለሌለ ኖታ ፍላት ምን ይሠራል? ለማስቀመጫው ቅጂ የአባቴን ሁለት ፍላት እንዳሉ በእጇ አስገባች። ልጆች ለሚጫወቱበት ደግሞ መግቢያውን ባዶ ትታ ፍላቱን እያንዳንዱ ኖታ አጠገብ ጻፈችው።

ሌላም ነበር። አባቴ የጻፈው ለቢ ፍላት ትራምፔት ነው፤ ከተጻፈው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ማሲንቆው ጭራውን ከዘፋኙ ጋር ስለሚያስማማ ግድ የለውም፤ ኪቦርዱ ግን ከትራምፔቱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የመጫወቻው ሁሉ አንድ ድምፅ ወርዶ ተጻፈ፤ ማስቀመጫው አልተነካም።

በጣም የገረመኝ የነጥቡ ነገር ነው። ከኖታ ጎን የተቀመጠ ነጥብ ኖታውን በግማሽ ያስረዝመዋል። የዝንብ ኩስም ነጥብ ነው! ልጅቷ በስድስት ስምንተኛ ምት የተጻፈውን ዜማ ሜዠር በሜዠር ቆጠረችው፤ ሜዠር በቁም መስመር የተከለለው ክፍል ነው፣ በዚህ ምት እያንዳንዱ ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይይዛል። ከነጥቡ ጋር ስድስት ከሞላ የአባቴ ነው፣ ካለፈ የዝንቡ ነው። ሁለት ቦታ ላይ በቆጠራም አልለይ ሲላት ነጥቡን በቅንፍ አስገብታ ተወችው። ራሷ የጨመረችውን ሁሉ እንዲሁ በቅንፍ ወይም በተቆራረጠ መስመር ለይታዋለች፤ የእሷና የአባቴ አይቀላቀልም።

ግጥሙ ላይም እንዲሁ ናት። «አምባሰል» አምስት ፊደል ነው፤ ሲዘፈን ግን አም፣ ባ፣ ሰል ተብሎ በሦስት ኖታ ያልቃል። የቀድሞው ጸሐፊ ለየፊደሉ አንድ ኖታ ሰጥቶ ግጥሙ ሁሉ ወደፊት ተንሸራቶ ነበር። እሷ በአፏ እያዜመች ነው ያስቀመጠችው። አባቴ ሆን ብሎ «ል» ለምትለው ፊደል ለብቻዋ ኖታ የሰጠባት አንድ ቦታ አለች፤ እሷን አልነካቻትም። የሠ እና የሰ አጻጻፉንም እንደተወው ተወችው።

አልተጋጨንም አልልም። ገጽ ለመቆጠብ ብላ የተደጋገመውን በድገም ምልክት አሳጥራው ነበር፤ አንደኛው ዜማ ላይ ሦስተኛው ዙር በአንዲት ኖታ ይለያል። ሳሳያት ተከራከረችኝ፣ አየችው፣ «ልክ ነዎት ጋሼ» ብላ ዘርዝራ መለሰችው። በሦስት ሳምንት ያለችው ሥራም ሁለት ወር ፈጅቷል። የመጨረሻው ዜማ አባቴ ሲታመም መሃል ላይ የቀረ ነው። ልጨርሰው ብትል ትችል ነበር። ባዶ መስመሮቹን ብቻ አስከትላ ተወችው።

ዋጋዋ በገጽ ነው፤ ዘይት የጠጣ ገጽ ይወደዳል፣ ይገባዋል። ስልኳን እዚህ አታውጣብኝ ስላለችኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዋናውን ደብተር ያዙ፤ በስልክ ያነሣችሁት ፎቶ ላይ ነጥብና ኩስ አይለይም።